ያልተጠየቀው ደብዳቤ፦ ከ1978ቱ የሽያጭ ጥሪ እስከ ቬክተር ዳታቤዝ

ዓለም «ስፓም» የሚለውን ቃል በሰፊው የተዋወቀበት የጅምላ መልዕክት ምን ይሸጥ እንደነበር የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። መድኃኒት አልነበረም። የውሸት የእጅ ሰዓትም አልነበረም። ዲቪ ነበር። አዎ፣ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ኢንተርኔት ቤትና ፎቶ ቤት ደጃፍ የተሰለፉለት ያው የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ።

ነገሩ ከሆነ ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። ታሪኩ ግን ዛሬ እንደገና መነሳት አለበት። ያኔ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይላክ የነበረው ደብዳቤ አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ የሚሰፋ ልብስ ሆኗል። የተቀባዩን ስም ያውቃል። የሥራ ድርሻውን ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ ባለፈው ወር ምን ማስታወቂያ እንዳወጣ ያውቃል። ሲያነቡት «ይሄ ሰው አስቦልኝ ነው የጻፈው» ያሰኛል። የጻፈው ግን ሰው ላይሆን ይችላል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ ጀርባ ሦስት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ደንበኛ ፍለጋ ኢሜይል በተከታታይ የሚልክ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው ጽሑፍን በቃላት ሳይሆን በትርጉም ቅርበት የሚያከማች ቬክተር ዳታቤዝ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን በራስ ሰር የሚያገናኝ የሥራ ሰንሰለት፣ ማለትም አውቶሜሽን ነው። ሦስቱ በተለያየ ዘመን፣ በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያየ ዓላማ ተሠሩ። እንዴት አንድ ላይ መጡ? መምጣታቸውስ ለማን በጀ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት*

በኔትወርክ የሚላከው ኢሜይል የተጀመረው በ1971 ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አርፓኔት በተባለው ኔትወርክ ላይ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መልዕክት ላከ። ዛሬ በየኢሜይል አድራሻው መሃል የሚታየውን ምልክት የመረጠውም እርሱ ነው። አርፓኔት የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ የሚመድብለት የምርምር መረብ ነበር፤ ገበያ አልነበረም።

ገበያው ለመግባት የፈጀበት 7 ዓመት ብቻ ነው። በሜይ 1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ የነበረው ጋሪ ቱርክ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች አንድ መልዕክት አስተላለፈ። ጉዳዩ በካሊፎርኒያ የሚካሄድ የአዳዲስ ኮምፒውተሮች ማሳያ ላይ እንዲገኙ መጋበዝ ነበር። አድራሻዎቹ የተገኙት በወረቀት ከታተመ የተጠቃሚዎች ማውጫ ነው፤ አንድ በአንድ በእጅ ተተየቡ። ዝርዝሩ ከመብዛቱ የተነሳ ፕሮግራሙ ሊይዘው አልቻለም፤ ከፊሉ አድራሻ ወደ መልዕክቱ ሆድ ዕቃ ፈሰሰ።

ቁጣው ወዲያው መጣ። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው የመከላከያ ክፍል ድርጊቱን ደንብ መጣስ ነው ብሎ ወቀሰ። ቱርክ በበኩሉ መልዕክቱ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሽያጭ እንዳመጣለት ኋላ ላይ ሲናገር ኖሯል። ክርክሩ በሙሉ በዚያ ቀን ተወለደ ማለት ይቻላል፤ ተቀባዩ ይቆጣል፣ ላኪው ግን ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በ1978 ሰውን ለማስቸገር ድካም ይጠይቅ ነበር። 400 አድራሻ መተየብ የአንድ ሰው ጊዜና ጣት ነው። ያልተጠየቀ ደብዳቤን ልክ ያስያዘው ጨዋነት ብቻ አልነበረም፤ ወጪውም ነበር። ቀጣዩ ታሪክ ይህ ወጪ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደተነሳ የሚያሳይ ነው።

*ዲቪ የሸጡት ጠበቆች*

በኤፕሪል 12 ቀን 1994 በአሪዞና ግዛት ይሠሩ የነበሩ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች ዩዝኔት በተባለው የኢንተርኔት መወያያ ላይ ማስታወቂያ ለቀቁ። የግሪን ካርድ ሎተሪው ምናልባት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል የሚል ማስፈራሪያ አዘል ርዕስ ነበረው። ባልና ሚስቱ ማመልከቻውን ለሚፈልግ ሰው በክፍያ እንደሚሞሉ አሳወቁ። በዚያን ጊዜ ግን ለመወዳደር ስምና አድራሻን ከመሳሰሉ ጥቂት መረጃዎች ጋር በፖስታ መላክ ይበቃ ነበር፤ የማመልከቻ ክፍያም አልነበረውም። ባልና ሚስቱ የሸጡት የሰውን ፍርሃትና የመረጃ እጥረት ነበር። ይህ ንግድ አዲስ አበባም ያውቀዋል።

አዲሱ ነገር የአላላኩ ዘዴ ነው። ማስታወቂያው በአንድ አጭር ፕሮግራም አማካይነት ከ5 ሺህ በላይ ለሆኑ የመወያያ ቡድኖች፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ተለጠፈ። ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚወያየውም፣ ስለ ሒሳብ የሚወያየውም ዲቪ ደረሰው። የተቆጡ ሰዎች የላኩት ምላሽ የአገልግሎት ሰጪውን ሰርቨር ደጋግሞ ጣለው።

ባልና ሚስቱ ግን ከ100 ሺህ ዶላር ያላነሰ ገቢ እንዳገኙ ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት በኢንተርኔት እንዴት ሀብት እንደሚገኝ የሚመክር መጽሐፍም አሳተሙ። ካንተር በ1997 በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የማስታወቂያ ዘመቻ ነበር።

በ1978 ጣት የሠራውን በ1994 ፕሮግራም ሠራው። የመላክ ወጪ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

*ማጣሪያውና ሕጉ*

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢሜይል ሳጥን በቆሻሻ ተጥለቀለቀ። በ2002 ፖል ግሬም የተባለ የኮምፒውተር ሰው ቀላል የሚመስል ሐሳብ በጽሑፍ አሰራጨ፤ እያንዳንዱ ቃል በቆሻሻ መልዕክትና በደህና መልዕክት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጥሮ ማሽኑ ራሱ ይፍረድ የሚል። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ ባይሆንም ከዚያ በኋላ በየማጣሪያው ተስፋፋ።

ሕጉም ተከተለ። አውሮፓ በ2002 ባወጣችው መመሪያ ለግለሰብ የንግድ ኢሜይል ለመላክ በመርህ ደረጃ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል አለች። አሜሪካ በ2003 መጨረሻ ባጸደቀችው ሕግ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ሳይጠየቁ መላክ አልተከለከለም፤ ላኪው ማንነቱን ካልደበቀ፣ የፖስታ አድራሻውን ካሰፈረና «አትላክብኝ» ያለውን ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከተወ ይበቃል።

ማጣሪያው ያልታሰበ ውጤት ነበረው። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሺህ ሰው ከተላከ በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ማምለጫው እያንዳንዱን ደብዳቤ የተለየ ማድረግ ሆነ። ሆኖም የተለየ ደብዳቤ ለመጻፍ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውን ማወቅ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ለ20 ዓመታት ያህል የቀረው አጥር ይህ ብቻ ነበር።

*ከቤተ መጻሕፍት የመጣው ሒሳብ*

አጥሩን ያፈረሰው ሒሳብ የመጣው ከገበያ አይደለም። ጄራርድ ሳልተን በጀርመን ኑረምበርግ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ ምሁር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ፣ ኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ሰነድ ፈልጎ የሚያገኝ ስማርት የተባለ ሥርዓት ሠራ። በ1975 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ እያንዳንዱን ሰነድ በቁጥሮች ድርድር፣ ማለትም በቬክተር፣ መወከል እንደሚቻል አስረዳ። ሁለት ሰነዶች በይዘት ከተቀራረቡ ቁጥሮቻቸውም ይቀራረባሉ።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ ይሄዳል፤ ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ፤ የተጣለ ዕቃ ነፍስ ሲዘራ ማየት የፈለገ ምናለሽ ተራ። ዕቃው ላይ ስም ባይጻፍም የተቀመጠበት ተራና ጎረቤቱ ምንነቱን ይናገራሉ። ቬክተር ዳታቤዝ እንዲህ ያለ የጽሑፍ መርካቶ ነው፤ ልዩነቱ ተራዎቹ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ አቅጣጫዎች የተዘረጉ መሆናቸው ነው።

ሳልተን ቃላትን ይቆጥር ነበር። በ2013 ቶማስ ሚኮሎቭና ባልደረቦቹ በጉግል ውስጥ የቃላትን ትርጉም ከአጠቃቀማቸው በመማር ወደ ቬክተር የሚለውጥ ፈጣን ዘዴ አወጡ። በ2017 ፌስቡክ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ ቬክተሮች መካከል ቅርቡን ፈልጎ የሚያወጣ ፋይስ የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ለቀቀ። በ2019 ፓይንኮን የተባለው ኩባንያ ሲመሠረት ነገሩ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። በ2021 ደግሞ ፖስትግሬስ በተባለው የቆየ ዳታቤዝ ላይ የሚጨመር ነጻ ማሟያ ወጣና ማንኛውም አነስተኛ ድርጅት የቬክተር ክምችት ሊኖረው ቻለ።

*ሦስቱ ሲገናኙ*

በሌላ በኩል የማገናኛው ሥራ ሲቀል ቆይቷል። በ2011 በአሜሪካ ሚዙሪ የተጀመረው ዛፒየር፣ በ2019 በበርሊን የወጣው ኤን ኤይት ኤን፣ እና መሰሎቻቸው ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል ሰው ሶፍትዌርን ከሶፍትዌር የማያያዝ አቅም ሰጡ። ሥራው በስክሪን ላይ ሳጥን ከሳጥን በመስመር ማገናኘት ነው። «ይህ ሲሆን፣ ያንን አድርግ»፤ ከዚያ በላይ አይደለም። የጎደለው ጸሐፊ ብቻ ነበር። በኖቬምበር 30 ቀን 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ሲከፈት ጸሐፊውም ተገኘ።

ሰንሰለቱ እንዲህ ይሠራል። በሠንጠረዥ ላይ አዲስ ስም ሲጨመር አውቶሜሽኑ ይነቃል። የሰውየውን ድርጅት ድረ ገጽ ያነባል። ያነበበውን ወደ ቬክተር ይለውጣል። ከዚያ ወደ ቬክተር ዳታቤዙ ሄዶ «ከዚህ ድርጅት ጋር የሚመሳሰል የትኛውን ደንበኛ ከዚህ በፊት አገልግለናል? ምን ተጻጽፈን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ያገኘውን ለቋንቋ ሞዴሉ ይሰጣል፤ ሞዴሉ ደብዳቤ ይጽፋል። የኢሜይል ሶፍትዌሩ ይልካል፤ መልስ ካልመጣ ከቀናት በኋላ ማስታወሻ ይልካል። መልስ ከመጣ «ፍላጎት አለው» ወይም «የለውም» ተብሎ ይመደባል፤ መልሱም ተመልሶ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ደብዳቤ ከእርሱ ይማራል።

መሣሪያውን በደፈናው መርገም ፍትሐዊ አይሆንም። ሻኪሶ ወይም ይርጋጨፌ ያለ አነስተኛ ቡና ላኪ በሐምቡርግና በሴዑል ለሚገኙ 50 ቆይዎች የየራሳቸውን ፍላጎት ያገናዘበ ደብዳቤ በአንድ ከሰዓት ማዘጋጀት ከቻለ፣ ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የነበራቸውን የገበያ ክፍል እርሱም አገኘ ማለት ነው። እንግሊዝኛው የማይመቸው ነጋዴ በቋንቋ ምክንያት ወደ ኋላ አይቀርም። ጥያቄው መሣሪያው 50 ደብዳቤ ላይ ይቆማል ወይ ነው። ታሪኩ የሚለው አይቆምም ነው።

*ደላላው «የለም» አይልም*

የመጀመሪያው ችግር ከሒሳቡ ይመነጫል። ቬክተር ዳታቤዝ ሲጠየቅ ከሁሉም የቀረበውን ያመጣል። ምንም የሚቀርብ ነገር ባይኖርም፣ ገደብ ካልተበጀለት በቀር፣ ከራቁት መካከል ትንሽ ቀረብ ያለውን ይዞ ይመጣል። የተፈለገው ዕቃ በገበያው ባይኖርም «ይሄም ያው ነው» እያለ ሌላ የሚያቀርብ ደላላ እንደ ማለት ነው። ከዚያ የቋንቋ ሞዴሉ ያንን ዕቃ ተቀብሎ በጥሩ ቋንቋ ይጠቀልለዋል። ያላገለገሉትን ድርጅት «እንደ እናንተ ያለውን ረድተናል» የሚል ደብዳቤ የሚወጣው ከዚህ ነው።

በዚያ ላይ ቅርበት ማለት እውነት ማለት አይደለም። «ውሉን አድሰናል» እና «ውሉን አላደስንም» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በቬክተር ሚዛን ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ርዕሳቸው አንድ ነውና። በአማርኛ አንዲት «አል» ብቻ ነገሩን ትገለብጣለች። ማሽኑ የርዕስን ጉርብትና ይለካል እንጂ ማን ቃሉን እንደጠበቀ አይመሰክርም።

ሁለተኛው ችግር ይከፋል፤ መሰረዝ ነው። አንድ ሰው «ከዝርዝራችሁ አውጡኝ» ቢል የኢሜይል ሶፍትዌሩ ስሙን ያወጣል። ግን የጻፈው መልስ፣ ስለ ድርጅቱ የተሰበሰበው መረጃ፣ በአውቶሜሽኑ በኩል ወደ ቬክተር ዳታቤዙ ተቀድቷል። የማስወገጃ ሳጥን በሰንሰለቱ ላይ ካልተሳለ በቀር እዚያው ይቀራል። ስሙ ወጣ፣ ጥላው ቀረ።

«ቁጥር ብቻ ነው፤ ከቁጥር ማን ያነባል?» የሚል መከራከሪያ ሲሰማ ቆይቷል። በ2023 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ይህን አፈረሰው። ተመራማሪዎቹ ከቬክተር ተነስተው አጫጭር ጽሑፎችን መልሰው ለመጻፍ ሞከሩ፤ 32 የቃል ቁራጭ ርዝመት ካላቸው ጽሑፎች 92 በመቶ የሚሆኑትን ቃል በቃል መልሰው አገኙ። ሳልተን ሰነድን ወደ ቁጥር የመለወጥን ሥራ ያሳደገበት ዩኒቨርሲቲ፣ ቁጥሩ ምስጢር ጠባቂ አለመሆኑንም አሳየ።

*አማርኛን የጋረደው መጋረጃ*

ለረጅም ጊዜ አማርኛ ተናጋሪው ከዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ተጠብቆ ነበር፤ ማሽኑ አማርኛ አለማወቁ። ጉግል በ2018 ያወጣው ብዙ ቋንቋ አዋቂ ሞዴል 104 ቋንቋዎችን ይዞ አማርኛን አልያዘም ነበር። በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ደብዳቤ ከደረሰ ከጀርባው አማርኛ የሚችል ሰው አለ ማለት ነበር። የእንግሊዝኛ ማጭበርበሪያ ከሩቅ ይሸት ነበር፤ በማሽን የተተረጎመ አማርኛም ራሱን ያጋልጥ ነበር።

ያ መጋረጃ እየተገፈፈ ነው። በ2019 ፌስቡክ ያወጣው 100 ቋንቋዎች የያዘ ሞዴል አማርኛን ጨመረ። በ2020 ጉግል ያወጣው፣ የ109 ቋንቋዎችን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ የቬክተር ሜዳ ላይ የሚያስቀምጠው ሞዴልም አማርኛ አለበት። ይህ ለአማርኛ ፍለጋ፣ ለትርጉምና ለትምህርት የምሥራች ነው። ለአጭበርባሪም የምሥራች ነው።

«ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል ስንት ሰው ገንዘብ እንዳስከፈለ በየሰፈሩ የሚያውቅ አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዕድለኞች በኢሜይል እንደማያሳውቅ፣ ውጤቱ የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥር በይፋዊው ድረ ገጽ ብቻ እንደሆነ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። እስከ ዛሬ የሚመጣው ማጭበርበሪያ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። ነገ የሚመጣው የልጅን ስም፣ የትምህርት ቤትን ስም፣ የተጻፈን አስተያየት አገናዝቦ፣ በጠራ አማርኛ «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ ሊጀምር ይችላል። በ1994 በእንግሊዝኛ የተጀመረው ንግድ በራስ ቋንቋና በራስ ስም ተመልሶ ደጃፍ ላይ ሊቆም ነው።

*ወጪውን ማን ይመልሰው?*

ትልልቆቹ የኢሜይል አገልግሎቶች አጥሩን እንደገና ለማጠር ሞክረዋል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግል በቀን 5 ሺህና ከዚያ በላይ መልዕክት ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ማንነቱን በቴክኒክ እንዲያረጋግጥ፣ በአንድ ጠቅታ የመውጫ መንገድ እንዲያበጅ፣ «ይህ ስፓም ነው» የሚሉት ተቀባዮች ድርሻ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ አዘዘ። ላኪዎች መልስ አላጡም፤ ብዙ ዶሜይንና ብዙ የኢሜይል ሳጥን ገዝተው ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይልካሉ። ሳጥኖቹ ታማኝ እንዲመስሉ እርስ በርሳቸው ኢሜይል እንዲለዋወጡ የሚያደርግ አገልግሎትም ይሸጣል። ማሽን ለማሽን እየጻፈ መልካም ስም ይገነባል።

በኢትዮጵያም ሕጉ ባዶ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ ማሰራጨትን፣ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር፣ በወንጀል ያስጠይቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው በራሱ መረጃ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ሕግ መኖሩ አንድ ነገር ነው። አንድ መረጃ ከሠንጠረዥ ወደ አውቶሜሽን፣ ከአውቶሜሽን ወደ ቬክተር ዳታቤዝ፣ ምናልባትም ወደ ሌላ አገር ሰርቨር ሲጓዝ «የት የት ተቀዳ?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ መኖሩ ግን ሌላ ነው።

ቀድሞ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ ቦታ አለ። ደንበኛው ብዕሩን ይከራያል፤ በደሉ፣ ስሙና ፊርማው ግን የራሱ ናቸው። ዳኛው «ይህን ያልከው አንተ ነህ?» ሲለው «አዎ» ይላል። በሰው ወይም በማሽን ብዕር መጻፍ ነውር አይደለም። ነውሩ «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ስም ጠርቶ፣ ሥራ አድንቆ ለሚመጣ ደብዳቤ «ማን ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ከእንግዲህ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ አይታወቅምና። የሚጠቅሙት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ቢጻፍለት የሚመልስ፣ የሚጠየቅ ሰው አለው? «ስለ እኔ የያዛችሁትን በሙሉ አጥፉ» ቢባልስ ከሰንሰለቱ ቀለበቶች ሁሉ፣ ከቬክተር ዳታቤዙ ጭምር፣ የሚያጠፋ አለ? እንዲህ ያለ ሰንሰለት የሚገነቡ የአዲስ አበባ ወጣት ባለሙያዎችም ከመጀመሪያው ሳጥን በፊት ሊስሉት የሚገባው ሳጥን ይኸው የማጥፊያው ሳጥን ነው።